የስልኮች ዘበኛ ዘካሪያ

ዘካሪያ ስልኬን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጄ የወሰደው በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ወይስ ጥቅምት ገብቶ ነበር? ክረምቱ ከአጥራችን ላይ የጣለው ቆርቆሮ ገና አልተነሣም ነበር፤ ስለዚህ መስከረም ይሆናል። ግን ወፍራሙን ሹራቤን ለብሼ እንደነበርም ትዝ ይለኛል። ደሴ ላይ ሹራብ ደግሞ ለምስክርነት አይሆንም፤ ሐምሌም ይለበሳል፣ ጥርም ይለበሳል። ስልኩን ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፤ ያ ስልክ ግን ከዚያ ዘመን የሚያስታውሰው አንዳች ነገር የለም። እሱም የዘካሪያ ሥራ ነው።

ቀኑ ይቅር። አንድ ሰፈር ሰፈር የሚባለው አንድ ዕቁብ ሰብሳቢ፣ አንድ ወሬ አቀባይና የሰው ስልክ አይቶ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው ሲኖረው ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ባይኖሩ እንኳ ሦስተኛው አይጠፋም። እናንተም ጋ አለ። ምናልባት አሁን ይህን ስታነቡ ከትከሻችሁ በላይ ቆሞ ይሆናል።

የኛው፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ፣ ክቡር ዘካሪያ ይባላል፦ የስልኮች ዘበኛ፣ የፓስወርድ አባት፣ የሊንክ ጠላት። እንጀራው ኮምቦልቻ ነው፤ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥለው የቁልፍ እሽግ ከእሱ ቀድሞ ሰላም ይላል። ራሱም ሰላምታውን እንደ ሰው ነው የሚጀምረው፦ «አሰላሙ አለይኩም። ደህና ከረምክ? ቤተሰብ? ከብቱ፣ ጥጃው? አልሐምዱሊላህ። አፕዴት ነው?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ለስልክህ ናት። ካልገባህ እጁን ይዘረጋል፤ ሐኪም «ምላስህን አውጣ» እንደሚል። «ስልክህን! ከታደሰ ስንት ጊዜው ነው?»

ለቅሶ ቤት እንኳ አይምርም። ሐዘንተኛው አጠገብ ተቀምጦ «አላህ ይርሐማቸው» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስልካቸው የት ነው ያለው? ክፍት እንዳይቀር» ይላል። ሰው ይቆጣዋል። ግን ያው ሰው ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሟቹን ስልክ ይፈልጋል። የዘካሪያ ክፋቱ ይህ ነው፤ ፍርሃቱ ይጋባል። ከእሱ ጋር የዋለ ሰው ስልኩን እንደ ጊንጥ በሁለት ጣት ነው የሚይዘው።

አንድ ጠዋት አብረን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ከፊታችን የተቀመጠች የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ስልኳን ታነባለች። ስሟ ሳሚያ እንደሆነ ያወቅነው በኋላ ነው። ዘካሪያ አንገቱን አሰገገ።

«እህቴ፣ ያንን እንዳትነኪው።»

«ምኑን?»

«ሽልማት ደርሶሻል የሚለውን።»

«አንተ ሰውዬ፣ የሰው መልእክት ይነበባል እንዴ? ዓይንህን ወደ ገደሉ አድርግ!»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ዘካሪያ አልሳቀም። «ገደሉስ መከለያ አለው» አለ፤ «ያንቺ ስልክ ግን የለውም።»

ልጅቷ ስልኳን መልሳ አየችው። ከዚያ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ «ነክቼዋለሁ እኮ» አለች።

የቀረውን ቁልቁለት የወረድነው በዘካሪያ አዝማችነት ነው። «ገጹን ዝጊ! ቴሌግራምሽ ውስጥ ግቢ! ማነው ይሄ የማታውቂው ስልክ? አስወጪው! ፓስወርድ ቀይሪ፤ የልደት ቀንሽን እንዳታደርጊ!» ሾፌሩ ሳይቀር ፍጥነት ቀነሰ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ የራሱን ስልክ ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ሳሚያ ስትወርድ «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ» አለችው። «አሚን» አላት፤ «የመክፈቻ ፓተርንሽ ግን ሕፃን የሚሥለው ቤት ነው። ቀይሪው።»

ሐጂ በሽርም አሉ። ከደሴ ዙሪያ ድንችና ካሮት ጭነው የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው። ዘካሪያ ስልካቸው በአሻራ ካልተዘጋ ብሎ ገበያ መሀል ያዛቸው። አፈር ግን የሐጂን አሻራ በልቶ ጨርሶታል፤ ስልኩ አንዱንም ጣት አላውቅም አለ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ጣት የለዎትም እንዴ?» አለ ዘካሪያ ላብ እየጠመቀው።

«ጣቴማ እርሻ ላይ ቀረ፣ ልጄ። ወርደህ ፈልገው።»

በመጨረሻ ስልኩ አምኖ የተቀበለው የግራ እጃቸውን ትንሿን ጣት ነው፤ ሥራ ያልነካት እሷ ብቻ ነበረች። በግራ እጃቸው ሰው ሰላም ብለው የማያውቁት ሐጂ፣ ዛሬ ስልካቸውን ሊከፍቱ ሲሉ «ቢስሚላህ» ብለው ያችን ጣት ያነሣሉ። ዘካሪያን ሲያዩም እሷኑ ነው የሚያሳዩት።

ባለሱቋ ሰዒዳ ግን አልቀለደችም። ስልኳን ባደሰላት ማግስት የልጇ የሠርግ ፎቶ ጠፋ ብላ መንገድ ላይ አዋረደችው። «ሌባ ጠብቅልኝ አልኩህ እንጂ አንተው ውረሰኝ አልኩህ?» አለችው፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ። ፎቶዎቹ ከጊዜ በኋላ በሚሞሪ ካርድ ላይ፣ ካርዱም በገዛ መሳቢያዋ ውስጥ ተገኘ። ይቅርታ ጠየቀችው። ዘካሪያ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰው ስልክ ሲነካ፣ የራሱን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ድምፅ መቅጃውን ሳይከፍት አይጀምርም። «ምስክር ነው» ይላል። «ሰው ይረሳል፤ ምስክር አይረሳም።»

በነገራችን ላይ፣ የእሱ ስልክ ፊት ላይ ምንም ፎቶ የለም። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሰማያዊ ቀለም ነው ያለው። ይህን ያህል ስልክ የሚጠብቅ ሰው በራሱ ስልክ ውስጥ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ አንድም ቀን አላየሁም። ከተማው በጦርነቱ ተሰዶ በተመለሰበት ዓመት፣ ብዙ ሰው ብዙ ነገር መንገድ ላይ ጥሎ ገብቷል። ስለዚያ ዓመት ዘካሪያ ሲያወራ የሰማው የለም።

የእኔን ስልክ ሲያይ ግን ያወራ ነበር። «ካሊድ፣ ይህ ስልክ ሞቷል። መርዶውን ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።»

የሠራው ኩባንያ ማደሻ መላክ ካቆመ ቆይቷል፤ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት የለም ማለት ነው። የዘካሪያ መድኃኒት ጅጌ፣ ማለትም ደቦ፣ ነበር። ጅጌ የሚለው በየአገሩ ያሉ፣ እርስ በርስ እንኳ የማይተዋወቁ ሰዎች በነፃ የሚሠሩትንና ኮዱን ለማንም ገልጠው ያስቀመጡትን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። «ኩባንያው የጣለውን ስልክ ጀመዓው ያነሣዋል። አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ያርማል፣ አንዱ ይወቃል። ባለቤቱ ማነው? ሁሉም!»

«ሁሉም ካየው ሌባውስ አያየውም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሌባው ድሮም አይቶታል» አለኝ። «ያላየነው እኛ ነን።»

በዚህ አልተሸነፍኩም። የፈራሁት ሌላ ነው። ያ ስልክ ውስጥ እናቴ ነበረች።

እናቴ ከድጃ ከመሞቷ በፊት በነበረው ክረምት፣ ቆርቆሮውን ዝናብ እየደበደበው፣ እኔን ስትመርቅ ቀድቻታለሁ። ድምፄ እንዳይረብሽ ብዬ ትንፋሼን ውጬ ነበር። በኛ አገር ግን ምርቃት ለብቻው አይሄድም፤ መራቂው ይላል፣ ተመራቂው «አሚን» ብሎ ይቀበላል። እናቴ አንዱን ትልና ትጠብቃለች። እኔ ዝም። ሌላውን ትልና ትጠብቃለች። ዝም። ቢቸግራት «አሚን በል እንጂ! ዲዳ ነህ?» ትላለች። ከሞተች በኋላ ያንን በከፈትኩ ቁጥር ብቻዬን ተቀምጬ፣ በየክፍተቱ አሚን እያልኩ ኖሬያለሁ።

ለምን ሌላ ቦታ አልገለበጥከውም የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እህቴ ፋኢዛም እያለቀሰች ብላኛለች። በዚያ አሮጌ መቅጃ ላይ «ላክ» እና «ሰርዝ» ጎን ለጎን ናቸው፤ የእኔ አውራ ጣት ደግሞ ሰፊ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ስልኩን መልሼ ኪሴ እከተዋለሁ። ሌላ ስልክ አጠገቡ አስቀምጦ መቅዳት የሚባል ነገር እንኳ ትዝ አላለኝም። ፍርሃት ያጃጅላል።

ከዚያ ስልኩ በራሱ ጊዜ እየጠፋ መነሣት ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት ጠፋ፤ ቀትር አለፈ፤ አልተነሣም። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንደ በሽተኛ እጠብቀዋለሁ። ዐሥር ሰዓት ገደማ ብልጭ ሲል ሹራቤን ሳልደርብ ወደ ዘካሪያ ቤት ሮጥኩ።

እሑድ ዕለት ቤቴ መጣ፤ ላፕቶፑን፣ ገመዱንና ቁልፎቹን ይዞ። ምስክሩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛ። «አብሽር» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታብሽረኝ? ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?»

«ይጠፋል። አዲሱን ለመጫን የስልኩ የውስጥ ቁልፍ መከፈት አለበት፤ ሲከፈት ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። ለሌባ እንዳይተርፍ ብሎ ነው።»

«እኔ ሌባ ነኝ?»

«ስልኩ አያውቅህም። ለዚህ ነው አስቀድመን የምንገለብጠው።»

የስልኬ መሰኪያ ልል ስለሆነ ገመዱን በአውራ ጣቱ ደግፎ ያዘ። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ነው፤ መብራት ከሄደ ሁሉም ይሄዳል። ደሴ ላይ መብራትን በዱዓ እንጂ በቆጣሪ አናቆየውም። አምፖሉ አንዴ ደብዘዝ ሲል «ያ ረቢ!» አልኩ፤ እሱ ደግሞ «አትጩህ፣ እጄ ይንቀሳቀሳል» አለኝ። ሲገለብጥ ቆይቶ፣ «መኖሩን እንይ» ብሎ መቅጃውን ከስልኩ ከፈተ።

ዝናቡ ጀመረ። እናቴ ጀመረች።

እኔ ምንም አልሰማሁም ማለት እችላለሁ። ዓይኔ «ሰርዝ» የምትለዋ ቁልፍና የዘካሪያ ጣት ላይ ተተክሎ ነበር። የማስታውሰው ሁለት መዳፎቹን ወደ ላይ ገልጦ እንደተቀመጠና በየመሀሉ አሚን እንዳለ ነው። እንዴት ብሎ ዝም ይላል? ምርቃት እየሰማ አፉን የሚዘጋ የወሎ ሰው የለም፤ ከእኔ በቀር። ሲያልቅ መዳፎቹን ፊቱ ላይ አበሰ፤ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ትንሽ ቆሞ ተመለሰ። «በል፣ ተገልብጧል» አለና ቀጠለ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሞከረው ከስልኩ ያለውን ነው። የተገለበጠውን አልከፈተውም።

ስልኩ ጠፋ፤ በአዲስ ምልክት ተነሣ፤ ፈጠነ፤ አማረ። ዘካሪያ «ማሻአላህ፣ ሙሽራ!» አለ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ የእናቴን ፋይል ነካ። ስሙ አለ። ውስጡ ባዶ ነው። ልሉ መሰኪያ መሀል ላይ ቆርጦት፣ ስሙን ብቻ አሳልፎ ነበር።

እንደገና ነካው። እንደገና። ፊቱ አመድ መሰለ። ዕቃውን ሰበሰበ፤ ምስክሩንም ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ሳይል «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ብሎ ወጣ። ቁልፎቹን በእጁ ጨብጧቸው ነበር፤ ድምፅ አላሰሙም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አልወዳቸውም። የምርቃቱን ቃል ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን ቃሉን ባልኩት ቁጥር የሚወጣው የእኔው ድምፅ ነው። «ዲዳ ነህ» ስትል ድምፅዋ ወደ ላይ ነበር የሚወጣው ወይስ ወደ ታች የሚወርደው? ለእህቴ አልነገርኳትም። ስትደውል፣ ስልኩ ታደሰ ወይ ብላ እንዳትጠይቀኝ፣ እኔው ስለ ልጆቹ ቀድሜ እጠይቃለሁ።

ሰፈሩም ዝም አለ። ዘካሪያ ጎህ ሳይቀድ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ሰዒዳ ሱቋ በር ላይ ቆማ፣ «ምን ሆኖ ነው? ትናንት ስልኬን ዘርግቼለት ሳያየው አለፈኝ» አለችኝ። ሰፈሩን የሚያስፈራራልን ሰው ሲጠፋ ይበልጥ ፈራን።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ፣ ከሚኒባሱ መቆሚያ አጠገብ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ሰላምታውን ሳያሟላ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ምስክሩ» አለኝ። «ያን ዕለት የቀዳው አለ። ላንተ ለመስጠት አፍሬ ነው የቆየሁት።»

«ለምን?»

«ድምፄ ገብቶበታል። ላወጣው ሞከርኩ፣ ወላሂ፣ ስንት ማታ ሞከርኩ። እኔን ስቆርጥ እሷንም ይቆርጣታል።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ዝናቡ አለ። ከዝናቡ ሥር የወንበር ድምፅ፣ የእኔ ፈሪ ትንፋሽ። ከዚያ እናቴ፦

«ክፉ አይይህ።» «አሚን» ይላል ዘካሪያ። «ወጥተህ ግባ።» «አሚን።» «ዘርተህ ቃም፣ ወልደህ ሳም።» «አሚን፣ አሚን።»

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የለመድኩት ቁጣ ነው፦ «አሚን በል እንጂ! ዲዳ ነህ?» ዘካሪያ፣ አሚን ሲል የቆየው ሰው፣ ደንግጦ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፦ «አሚን! አሚን፣ እማ!»

መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅኩ። ከቀብሯ ወዲህ በእናቴ ቁጣ ስስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። ክፍተቷን ሁሉ ሞልቶላት ነበር። ላወጣው ሞከርኩ ይለኛል! ማን አውጣ አለህ?

«ልኬልሃለሁ» አለ፣ ፊቴን እያየ። «ለፋኢዛም ላክላት። ባክአፕ ሁለት ቦታ ነው። ሦስት ይሻላል።» ድምፁ ትንሽ ወደ ድሮው ተመለሰ። ከኋላው ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ። «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ።

ስልኩን ልመልስለት ስል ቀረጻው አላለቀም ነበር። እናቴ ወደ መጨረሻዋ እየደረሰች ነው፦ «የጠፋብህን አላህ ይመልስልህ።»

ዝናቡ ብቻውን ወረደ። አሚኑ አልመጣም። ጠበቅኩ። ከዚያ፣ በጣም ዘግይቶ፣ ከጉሮሮ ተጎትቶ የወጣ የሚመስል፣ ለራሱ እንጂ ለማንም ያልተባለ፣ «አሚን»።

ያን ዕለት አጠገቡ ተቀምጬ ይህን አልሰማሁትም። ያ ፎቶ የሌለው ሰማያዊ የስልኩ ፊት ትዝ አለኝ።

ቀና አልኩ። «ዘካሪያ…»

ስልኩን ከእጄ ወስዶ ነበር። አንድ እግሩ ሚኒባሱ ላይ ነው፣ ቁልፎቹ ይንቃጨላሉ። «አፕዴት አድርገው!» አለኝ፤ «ትናንት አዲስ ወጥቷል!» ረዳቱ በሩን ሳበው። ሚኒባሱ ወደ ቁልቁለቱ ሲታጠፍ በመስኮቱ አየሁት፤ አጠገቡ ወደ ተቀመጠው ሰው ዘንበል ብሎ እጁን ዘርግቷል።